ባክቴሪያው እዚህ፣ ማይክሮስኮፑ ባሕር ማዶ

ስለ ትራኮማ የሚጽፉ የዓለም ተመራማሪዎች ጉራጌ ዞንን በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት በጃማ የወጣ ጥናት፣ በዞኑ ስምንት መንደሮች አንድ ጊዜ ብቻ የታደለ አዚትሮማይሲን ያመጣውን ለውጥ ይዘግባል። መድኃኒቱ ከመታደሉ በፊት ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ካሉት ሕፃናት 43.5 በመቶው የትራኮማ ባክቴሪያ ዓይናቸው ውስጥ ተገኝቶባቸው ነበር። ከእደላው በኋላ ቁጥሩ ወደ 5.1 በመቶ ወረደ። ስድስት ወር ሲሞላ ግን 11.3 በመቶ ደርሷል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያው መጽሔት ሌላ የጉራጌ ጥናት አወጣ። ይህኛው 16 መንደሮችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹ በዓመት አንዴ፣ ግማሾቹ በዓመት ሁለቴ መድኃኒት እንዲወስዱ አደረገ። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ በዓመት አንዴ የወሰዱት መንደሮች ከ42.6 ወደ 6.8 በመቶ፣ በዓመት ሁለቴ የወሰዱት ከ31.6 ወደ 0.9 በመቶ ወረዱ። ከመቶ አንድ ሕፃን እንኳ አልቀረም ማለት ነው። በሽታው ያበቃለት ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሦስተኛ ጥናት ግን ከአራት ዙር በኋላ እደላው የቆመባቸውን የጉራጌ መንደሮች ተከታትሎ፣ ኢንፌክሽኑ ቀስ በቀስ ወደ ሩብ ገደማ የሚሆኑ ሕፃናት ዓይን መመለሱን አሳየ።

እነዚህ አኃዞች የተገኙት ከልጆች ዓይን ነው። ባለሙያው የሕፃኑን የላይኛውን የዓይን ቆብ ይገለብጣል። ጫፉ ላይ የዳክሮን ክር የተጠቀለለበትን ስዋብ በተገለበጠው ቀይ ሽፋን ላይ ጠበቅ አድርጎ ሦስት ጊዜ ያሳልፈዋል፤ በየመሐሉ ስዋቡን አንድ ሦስተኛ ዙር ያዞረዋል፣ ሁሉም ጎኑ ሕዋስ ይዞ እንዲወጣ። ልጁ ያለቅሳል፤ እናት ጭንቅላቱን አጥብቃ ትይዛለች። ስዋቡ ቱቦ ውስጥ ገብቶ በቅዝቃዜ ይቀመጣል። የጉራጌ ሕፃናት ናሙና ከዚያ ተጉዞ ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። ባክቴሪያው መኖር አለመኖሩ ዘረመልን በሚያባዛው የፒሲአር ምርመራ የተለየው እዚያ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ነበር።

በዚህ የሚወቀስ የለም። ከአሜሪካኖቹ ጋር እነ ዶክተር ሙሉቀን መለሰ እና ዶክተር ወንዱ ዓለማየሁ አብረው መርተውታል፤ የጽሑፎቹ ደራሲያን ዝርዝርም የኢትዮጵያውያኑን ስም በክብር ይዟል። በጊዜው ያንን ምርመራ በአገር ውስጥ ማድረግ ከባድ ነበር። የሚያሳዝነው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። የትራኮማን ባክቴሪያ በሰው ሕዋስ ውስጥ አሳድጎ፣ ፕሮቲኖቹን በሚያበራ ቀለም ለይቶ፣ ከሕዋሱ ጋር የሚያደርገውን ትግል በዓይን የማየት ሥራ ዛሬም በአብዛኛው የሚሠራው ትራኮማ በጠፋባቸው አገሮች ነው። በሽታው ያለበት አካባቢ ናሙና ይልካል፣ ውጤት ይጠብቃል። ይህ መለወጥ አለበት፤ ለመለወጥም አሁን ከምንጊዜውም የተሻለ ዕድል አለ።

ማየት ለምን አስፈለገ? የትራኮማ ባክቴሪያ፣ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ፣ ከሕዋስ ውጭ መራባት አይችልም። የማይክሮሜትር ሲሦ የምታክል ደንዳና ቅንጣት ሆኖ የዓይን ቆብ ሕዋስ ላይ ይጣበቃል፣ ዘልቆ ይገባል፣ ከሕዋሱ ሽፋን በተሠራ ከረጢት ውስጥ ይሰፍራል። እዚያ ይተልቃል፣ ይከፋፈላል፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ልጆቹ ወደ ደንዳናው መልክ ተመልሰው ሕዋሱን ትተው ይወጣሉ። ሕዋሱ ባዕድ ነገርን የሚፈጭበት የራሱ መሣሪያ እያለው ይህንን ከረጢት ለምን አይፈጨውም? መልሱ ያለው ባክቴሪያው በመርፌ መሰል ቦይ እየገፋ በሚያወጣቸው ፕሮቲኖች ላይ ነው። ከ50 በላይ እንደሚሆኑ የሚገመቱት ኢንክ የተባሉት ፕሮቲኖች በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ተሰክተው ከሕዋሱ ጋር ይደራደራሉ፤ አፍራሹ እንዳይጠጋ፣ ምግብ ያዡ እንዲጠጋ ያደርጋሉ።

ምግብ ያዡ ወደ ከረጢቱ መጠጋቱ የታወቀው በቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ቴድ ሃክስታድትና ባልደረቦቹ ሕዋሶችን የሚያበራ ቀለም የተጣበቀበት ስብ መገቧቸው። ሕዋሱ ለራሱ ሽፋን የሚያዘጋጀው ስብ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያ ብርሃን ከሕዋሱ ማምረቻ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ባክቴሪያው ከረጢት ሲገባ ተገኘ። ባለቤቱ ለራሱ የሠራውን እንግዳው እየተቀበለ ይኖር ነበር።

ሙከራው የተሠራበት ቦታ ደግሞ ለጉራጌ አንባቢ ሊነገረው ይገባል። የሃክስታድት ላቦራቶሪ ያለው በአሜሪካ ሞንታና ክፍለ ግዛት፣ ሃሚልተን በምትባል፣ በነዋሪ ብዛት ከወልቂጤም ከቡታጅራም በምታንስ ከተማ ነው። በዚያ ሸለቆ መዥገር የሚያስተላልፈው ገዳይ ትኩሳት ገበሬውን ይፈጅ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1928 ሮኪ ማውንቴን ላቦራቶሪ እዚያው ተሠራ። ሕመሙ ያለበት ቦታ ላቦራቶሪው ተተከለ፤ ትኩሳቱ ሲበርድም ላቦራቶሪው አልተዘጋም። ዛሬ በሕዋስ ውስጥ ስለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከሚታወቀው ብዙው የወጣው ከዚያች ትንሽ ከተማ ነው። ለሳይንስ ዋና ከተማ መሆን ግድ አይደለም።

የትራኮማን ባክቴሪያ ቀድመው ያዩት ሃልበርሽተተርና ፎን ፕሮቫዜክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ጃቫ ደሴት ላይ፣ ከታመመ ዓይን በተፋቀ ሕዋስ ውስጥ ከኒውክሊየሱ ጎን ቆብ መስሎ የተቀመጠ ጥቁር ሐምራዊ ክምችት አገኙ። ምንነቱን ለማረጋገጥ ግማሽ ምዕተ ዓመት ወሰደ፤ ቻይናዊው ታንግ ፌይፋን እ.ኤ.አ. በ1957 በዶሮ እንቁላል አሳድገው ለዩት። በመካከሉ ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 በሃርቫርድ አልበርት ኩንስ አንቲቦዲ ላይ የሚያበራ ቀለም አጣብቀው የሳንባ ምች ባክቴሪያን አበሩት። አንቲቦዲ የሚያውቀውን ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል፤ ቀለሙ የያዘበትን ቦታ ያሳያል። የዛሬው ሁሉ መሠረት ይህ ነው።

ከኩንስ በኋላ የመጣው ከጄሊፊሽ የተገኘው አረንጓዴ ፕሮቲን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ያሸለመው። ሳይንቲስቶች ይህን ፕሮቲን ሊያዩት ከሚፈልጉት ፕሮቲን ጋር በጂን ደረጃ አጣብቀው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ይከታተሉታል። በመርፌው ቦይ የሚወጡትን የባክቴሪያ ፕሮቲኖች በተመለከተ ግን ችግር ገጠመ። በቦዩ የሚያልፍ ፕሮቲን ተፍታቶ እንደ ክር መሆን አለበት፤ አረንጓዴው ፕሮቲን ደግሞ እንደ በርሜል ተጠቅልሎ የሚጠነክር ነውና አፉ ላይ ይቀረቀራል። የፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 መላ አገኘ፤ የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ የሚያስወጣቸው ፕሮቲኖች ላይ ጥቂት አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት ምልክት አደረገና፣ እሷን ብቻ የሚይዝ ቀለም ጨመረበት። ምልክቷ ትንሽ ስለሆነች በቦዩ አለፈች። ፕሮቲኑ ከባክቴሪያው ሲወጣ ሰው ቁጭ ብሎ ያየው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ምልክቷ ይበልጥ አንሳለች፤ በፕሮቲኑ ላይ አንዲት ሰው ሠራሽ አሚኖ አሲድ ብቻ ተክቶ ቀለሙን በእሷ ላይ በኬሚካል የመቆለፍ ዘዴ ዛሬ በሳልሞኔላ ላይ እየተሠራበት ነው።

በክላሚዲያ ላይም ተመሳሳይ ዘዴ የአሥርት ዓመታት እንቆቅልሽ ፈትቷል። ፔኒሲሊን የሚመታው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው። ክላሚዲያ በፔኒሲሊን ይታወካል፤ ግድግዳው ግን ቢፈለግ ቢፈለግ አልተገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር ላይ የወጣ ሥራ፣ ባክቴሪያው ግድግዳውን ከሚገነባበት ጥሬ ዕቃ ውስጥ ቀለም የሚቀበል ቅንጣት አስገብቶ ብርሃን አበራበት። ግድግዳው ነበረ፤ ሙሉ አጥር ሳይሆን ባክቴሪያው ለሁለት በሚከፈልበት ወገብ ላይ የታሰረች ቀጭን ቀለበት ሆና።

አሁን ወደ ዋናው መሰናክል። ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 እንዳሳዩት፣ በተለመደው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች አንድ ሆነው ይታያሉ። ደንዳናዋ የክላሚዲያ ቅንጣት 300 ናኖሜትር ታክላለች፤ ስለዚህ ምንም ያህል ብታበራ ነጥብ ከመሆን አታልፍም። ፕሮቲን ደግሞ ጥቂት ናኖሜትር ነው። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ የትኛው ኢንክ ከየትኛው የሕዋስ ፕሮቲን አጠገብ እንደቆመ በዚህ መሣሪያ መለየት አይቻልም። ይህን ወሰን የሰበሩት ኤሪክ ቤትሲግ፣ ሽቴፋን ሄልና ዊልያም ሞርነር እ.ኤ.አ. በ2014 ኖቤል ተሸለሙ። የሄል ዘዴ የሚያበራውን ነጥብ በሁለተኛ ሌዘር ዳር ዳሩን አጥፍቶ ያጠበዋል። የቤትሲግ ዘዴ ቀለሞቹን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እያበራ የእያንዳንዱን ቦታ ይመዘግብና መጨረሻ ላይ ይደምራቸዋል። ሃያና ሠላሳ ናኖሜትር ድረስ ማየት ተቻለ።

ቤትሲግ ይህን ሲሠሩ በአባታቸው የማሽን ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው፣ ከሳይንሱ ዓለም ለዓመታት ርቀው ነበር። የመጀመሪያውን መሣሪያ ከጓደኛቸው ከሃራልድ ሄስ ጋር የገጣጠሙት በሄስ ሳሎን ውስጥ ነው። ይህ ለእኛ የሚናገረው አለ። ሆኖም ዛሬ በገበያ ያለው ሱፐር ሪዞሉሽን ማይክሮስኮፕ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ፣ ንዝረት የማይወድ፣ የክፍሉ ሙቀት ከፍ ዝቅ ሲል የሚታወክ ዕቃ ነው። አንድ የዞን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ይህንን ገዝቶ ቢተክል፣ የመጀመሪያው ሌዘር በተበላሸ ቀን ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። እንዲህ ሆነው የቀሩ ዕቃዎች በየግቢው አሉ። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ውዱ መሣሪያ ይገዛ የሚል አይደለም።

ሐሳቡ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኤምአይቲው ኤድ ቦይደን ቡድን ነገሩን ገልብጦ አሰበው፤ ማይክሮስኮፑ አቅሙ ውሱን ከሆነ፣ የሚታየውን ነገር እናሳብጠው አለ። ሕዋሱ መስታወት ላይ እንዳለ በፎርማልዲሃይድ ባለበት እንዲጸና ይደረጋል። አንቲቦዲውና ቀለሙ ይጨመሩበታል። ከዚያ በፈሳሽ ጄል ይነከራል፤ ጄሉ በሕዋሱ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ይረጋና ቀለሙን በያለበት ይይዛል። ጄሉ ከሕፃናት ዳይፐር ውስጥ ውኃ የሚመጠው ነገር ቤተሰብ ነው። የሕዋሱ ፕሮቲን በኢንዛይም ከተፈጨ በኋላ ንጹሕ ውኃ ይፈስበታል። በዚህን ጊዜ ጄሉ በየአቅጣጫው ከአራት እጥፍ በላይ ይለጠጣል፣ የሕዋሱን ቅርጽ እንደያዘ። በሳህኑ ላይ በዓይን የሚታይ፣ የሚንሸራተት፣ ውኃ የመሰለ ቁራጭ ይሆናል። ቀድሞ ከ200 ናኖሜትር በታች የተቀራረቡት ነጥቦች አሁን ተራርቀዋልና የተለመደው የፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ ይለያቸዋል።

የጀርመኑ ቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንኑ በክላሚዲያ ላይ ሞከሩት። የሚከፋፈለውንና ደንዳናውን የባክቴሪያ መልክ ለዩበት፤ ባክቴሪያው ወደ ውጭ የሚያስወጣቸውን ፕሮቲኖችም አዩበት። ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ሕዋሱ የሞተ ነውና እንቅስቃሴ አይታይም። ሲለጠጥ ብርሃኑ ይደበዝዛል፣ ጄሉ ይቀደዳል። አንቲቦዲው ጥሩ ካልሆነ ሥዕሉም ጥሩ አይሆንም። ግን ዘዴው የሚጠይቀው ውድ ሌዘር ሳይሆን ጥንቃቄ ያለው እጅ ነው። ጥንቃቄ ያለው እጅ ደግሞ ሊሠለጥን ይችላል።

በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብርየ ግቢ ይህ ሊጀመር የማይችልበት ምክንያት የለም። የሚያስፈልገው ይታወቃል፤ ጥሩ ሌንስ ያለው የፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ፣ ሕዋስ ማሳደጊያ ኢንኩቤተር፣ የደኅንነት ካቢኔት፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘርና መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚነሣ ጄኔሬተር። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ነው፤ ማስተማር ተደራቢ ሥራው ያልሆነ፣ ደመወዙ በዚህ ሥራ ብቻ የተያዘ፣ ሲለቅ ተተኪ ያሠለጠነ የላቦራቶሪ ባለሙያ። በየዩኒቨርሲቲው የዕቃ ግዢ በጀት ይገኛል፤ የጥገናና የሰው በጀት ግን ሁሌም ይረሳል። ማይክሮስኮፕን የሚገድለው ይህ ነው።

አካባቢው ለዚህ እንግዳ አይደለም። የጤና ተቋማቱ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የቲቢ ባክቴሪያን በኦራሚን ቀልመው በኤልኢዲ ማይክሮስኮፕ ጨለማ ላይ ሲያበራ የማየት ሥራ ያውቃሉ። ቡታጅራም የምርምር ከተማ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ በየቤቱ ልደትና ሞት እየመዘገበ ለአሥርት ዓመታት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ደግሞ በቡታጅራ የአንገት ንፍፊት ቲቢ እንዴት በተሻለ መንገድ እንደሚመረመር ፈትሿል። የግራርቤት ተሐድሶ ማኅበር የዓይን ሆስፒታልም እዚያው ነው። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌናቸውን የሚፍቅባቸው፣ በወረንጦ እየነቀሉ የኖሩ እናቶች ቀዶ ሕክምና የሚያገኙት በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የቆየው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ባክቴሪያ የማሳደግና ሰው የማሠልጠን ልምድ አለው። እነዚህን የሚያገናኝ ስምምነት ነው የጎደለው።

የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ጠንካራም ነው። ትራኮማ የሚጠፋው በውኃ፣ በሳሙና፣ በመጸዳጃ ቤትና በመድኃኒት ነው፤ ልጅ ፊቱን የሚታጠብበት ውኃ በሌለበት ቀበሌ ስለ ናኖሜትር ማውራት ምን ይባላል? እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 40.1 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው፣ ከዓይነ ስውራኑም 11.5 በመቶው ብርሃናቸውን ያጡት በትራኮማ እንደሆነ አሳይቷል። ከዚህ ፊት ውኃው ይቅደም የሚል ሰው ትክክል ነው። ላቦራቶሪው ከውኃው በጀት አንድ ብር መውሰድ የለበትም።

ነገር ግን የጉራጌ ጥናቶቹ ራሳቸው ያስቀሩት ጥያቄ አለ። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይህን ያህል ካወረደው በኋላ የተመለሰው ከየት ነው? ከጎረቤት መንደር መጣ? ከሕክምናው ካመለጡ ሰዎች? ወይስ በአንዳንድ ሕዋሶች ውስጥ መከፋፈሉን አቁሞ ባልተለመደ መልክ ተደብቆ ቆየ? ክላሚዲያ ሲጨናነቅ እንዲህ ያለ መልክ እንደሚይዝ በላቦራቶሪ ታውቋል። በኢትዮጵያ ከተደጋጋሚ እደላ በኋላ የተመረመሩ ናሙናዎች መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ አላሳዩም፤ ይህ ደስ የሚል ዜና ነው፤ ግን ጥያቄውን ይበልጥ ያጠነክረዋል። ፒሲአር አለ ወይም የለም ይላል። በሕዋሱ ውስጥ በምን መልክ እንዳለ የሚናገረው ሥዕል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር እንዳይሆን ለማድረግ የያዘው ቀነ ገደብ እ.ኤ.አ. 2030 ነው፤ በመጨረሻው ምዕራፍ የሚቀሩት ግትር ቦታዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ያለባቸው ናቸው።

ለጅማሬ የታመመ ሰው ናሙና እንኳ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ዓመት በታወቀ የላቦራቶሪ ዝርያና በገበያ በሚገኙ አንቲቦዲዎች፣ ተማሪዎች ጄል ሲቀድዱና ሲደግሙ፣ መልመጃ ሆኖ ቢያልፍ ይበቃል። ሁለተኛው ዓመት የአካባቢው ዓይን ሕዋስ ይጨመርበታል። ዩኒቨርሲቲው፣ የክልሉ ጤና ቢሮና የውጭ አጋሮች የሚፈራረሙት ቀጣዩ የምርምር ስምምነት ግን ከዚያ በፊት አንድ አንቀጽ ይፈልጋል፤ ከጉራጌ ልጅ ዓይን የሚወሰድ ማንኛውም ናሙና ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ቱቦ በወልቂጤ ፍሪዘር ውስጥ ይቀራል፣ የፍሪዘሩ ጥገናና የጄኔሬተሩ ነዳጅ ወጪም በዚያው የምርምር በጀት ይሸፈናል።